የውሃ አውሮፕላን በጣና ላይ፦ ያዋጣ ይሆን?

በቅርቡ እዚህ ፎልስ ቸርች ቡና ስንጠጣ አንድ ወዳጄ የጡረታ ቁጠባውን አውጥቶ በጣና ሐይቅ ላይ የሚያርፍ አነስተኛ አውሮፕላን ለማሠራት ማሰቡን አጫወተኝ። «ሸሪክ ሁነኝ» ሲለኝ ቀን ጠየቅሁትና ነገሩን ማጥናት ያዝሁ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

በመጀመሪያ ከፍታው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩም ክንፉም ጉልበት ያንሳቸዋል፤ መንደርደሪያው ይረዝማል፣ ጭነቱም ይቀነሳል። ቢሆንም አይቻልም አይባልም። ከዚህ ከፍታ ብዙም በማይለየው የኬንያ ናይቫሻ ሐይቅ ላይ የእንግሊዝ ትላልቅ የውሃ አውሮፕላኖች እስከ እ.ኤ.አ. 1950 ድረስ መንገደኛ አመላልሰዋል። የጣና ውሃ ጨው አልባ መሆኑም የብረቱን ዝገት ይቀንሳል። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2011 የታየው እምቦጭ፣ ጉማሬው፣ የአጥማጁም ታንኳ ማረፊያው ዘወትር ጥበቃ እንዲደረግለት ያስገድዳሉ።

ሕጉስ? ትውልደ ኢትዮጵያዊ በቢጫ ካርዱ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት መቆጠር ይችላል። የበረራ ፈቃዱ ግን ከሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን የሚገኝ ነው፤ አብራሪው፣ ጥገናውና መድኑም በዚያው ይመዘናሉ።

ትልቁ ጥያቄ ገበያው ነው። በማልዲቭስ ሥራው የደረጀው ደሴቶቹን የሚያገናኝ መንገድ ስለሌለና ሆቴሎቹ እንግዳቸውን በዚሁ ስለሚያስመጡ ነው። ባሕር ዳርና ጎንደር ግን ሁለቱም አውሮፕላን ማረፊያ አላቸው፤ በአስፋልትም ተገናኝተዋል። ለባሕር ዳር ቅርብ የሆኑት ገዳማት ዘንድ ደግሞ ጀልባ ያደርሳል። እዚሁ አጠገባችን ቴይልዊንድ ኤር የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ከማንሃተን ወደ ኮሌጅ ፓርክ፣ ሜሪላንድ፣ በሴስና ካራቫን መብረር ጀምሮ ነበር። ገንዘብ በሞላበት ገበያ መሐል ሆኖ እንኳ አልዘለቀም። አውሮፕላኑ ጥቂት ሰው ብቻ ስለሚይዝ፣ ሁለት ወንበር ባዶ ከሆነ ትርፉ አብሮ ይሄዳል። በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ በአማራ ክልል የቀጠለው ጦርነት ጎብኚውን አርቆታል።

ለወዳጄ የሰጠሁት ምክር ይህ ነው፦ አውሮፕላን አትግዛ። ሰላም ሲወርድ በቱሪስት ወቅት ከነአብራሪው ተከራይተህ ሞክር፤ ወንበሩ በተከታታይ ከሞላ ያኔ እንነጋገር። ቅር ብሎታል፤ ቁጠባው ግን እስካሁን ባንክ ነው።

ቸር ይግጠመን።