ፊት ላይ የሚታዩ ቀጫጭን የደም ሥሮች፦ መንስኤያቸው ምንድን ነው? ሕክምናውስ ለጠቆረ ቆዳ ምን ያህል አስተማማኝ ነው?

በአፍንጫ ዙሪያ፣ በጉንጭ ወይም በአገጭ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጉ፣ ቀላ ያሉ ወይም ወደ ወይን ጠጅ የሚያደሉ ቀጫጭን መስመሮች ይታያሉ። በጣት ሲጫኗቸው ለአፍታ ይደበዝዛሉ፤ ጣት ሲነሣ ተመልሰው ይመጣሉ። አብዛኛውን ጊዜ ሕመም የላቸውም። ሆኖም ፊት ላይ በመሆናቸው ብዙዎችን ያሳስባሉ።

በሕክምናው ዓለም ቴላንጂየክታሲያ ይባላሉ። ከቆዳ ወለል ሥር ያሉ ጥቃቅን የደም ሥሮች ሰፍተው በዚያው ሲቀሩ የሚፈጠሩ ሲሆን፣ ስፋታቸው ብዙውን ጊዜ ከ1 ሚሊሜትር አይበልጥም።

በአብዛኛው ለጤና አስጊ አይደሉም። ጉዳት ሊመጣ የሚችለው እነርሱን ለማጥፋት በሚደረገው ሙከራ ነው። በተለይ ጠቆር ያለ ቆዳ ላላቸው ሰዎች፣ ተገቢ ያልሆነ የሌዘር ዓይነት ቃጠሎና ለወራት የማይለቅ ጥቁረት ሊያስከትል ይችላል።

ለምን ይከሰታሉ?

ዕድሜ፣ ለዓመታት የተጠራቀመ የፀሐይ ብርሃን ጉዳትና የቤተሰብ ዝንባሌ ቀዳሚዎቹ መንስኤዎች ናቸው። ሮዛሺያ የተባለው፣ ፊትን የሚያቀላና ብጉር መሰል ሽፍታ የሚያስከትል የቆዳ ሕመምም ከእነዚሁ ይመደባል። ሮዛሺያ በጠቆረ ቆዳ ላይ ቅላቱ ጎልቶ ስለማይታይ ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። በእርግዝና ወቅት የሚከሰቱት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ በራሳቸው ይጠፋሉ።

ብዙም የማይነገርለት ሌላው መንስኤ ፊት ላይ የሚቀባ ክሬም ነው።

የክሬሞች ድርሻ

ማድያትን ለማጥፋት ወይም ቆዳን ለማንጣት ከሚሸጡ ክሬሞች መካከል እንደ ክሎቤታሶልና ቤታሜታሶን ያሉ ጠንካራ ስቴሮይዶችን የያዙ አሉ። አንዳንዶቹ ይህን በማሸጊያቸው ላይ አይገልጹም።

እነዚህ መድኃኒቶች በሐኪም ትእዛዝ፣ ለተወሰነ ጊዜና ለተለየ ሕመም ሲውሉ ጠቃሚ ናቸው። ፊት ላይ ለወራት ሲቀቡ ግን ቆዳውን ያሳሳሉ፤ የደም ሥሮችን ደግፎ የሚይዘውን ኮላጅን ይቀንሳሉ። በዚህም ሥሮቹ ይሰፋሉ፣ በሳሳው ቆዳ ሥርም ጎልተው ይታያሉ። ብጉርና ያልተለመደ የፀጉር እድገትም ሊከተል ይችላል።

ክሬሙን ለረጅም ጊዜ ተጠቅሞ በድንገት ማቆም ደግሞ ፊትን ሊያቃጥል፣ ሊያቀላና ሊያሳብጥ ይችላል። ብዙዎች በዚህ ደንግጠው ወደዚያው ክሬም ይመለሳሉ፤ ጉዳቱም ይባባሳል። ስለዚህ አቋራረጡ በቆዳ ሐኪም ክትትል ቢሆን ይመረጣል። ክሬሙ ከቆመ በኋላ ቅላቱ በወራት ውስጥ ሊቀንስ ይችላል፤ ሰፍተው የቀሩት ሥሮች ግን ሌላ ሕክምና ሊያስፈልጋቸው ይችላል። ክሬሙን እየቀቡ ሌዘር መሠራት ዋነኛውን መንስኤ ሳይነኩ መተው ነው።

ሌዘር እንዴት ይሠራል?

የዘመናዊው የሌዘር ሕክምና መሠረት የሆነውን ሐሳብ ሮክስ አንደርሰንና ጆን ፓሪሽ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች በ1983 (እ.አ.አ) በሳይንሳዊ ጽሑፍ አቅርበዋል። ተገቢው የጨረር ሞገድ ከተመረጠ፣ በደም ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ጨረሩን ይመጥጣል፤ ሥሩ ይሞቅና ይዘጋል፤ በዙሪያው ያለው ቆዳ ግን ብዙም አይጎዳም።

ይሁን እንጂ ለቆዳ ቀለም የሚሰጠው ሜላኒንም ጨረር ይመጥጣል። ቆዳው በጠቆረ መጠን በላይኛው ሽፋን የሚቀረው ሙቀት ይጨምራል። የሌዘር ምርጫ ከቆዳ ቀለም ጋር የሚያያዘውም በዚህ ምክንያት ነው።

532 ናኖሜትር የሚጠቀመው 'ኬ ቲ ፒ' እና 595 ናኖሜትር ገደማ የሚጠቀመው 'ፐልስድ ዳይ' ሌዘር ለቀላ ቆዳ ውጤታማ ናቸው። 'ፐልስድ ዳይ' ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት የሚቆይ ብልዘት ሊተው ይችላል። 'አይ ፒ ኤል' የተባለው መሣሪያ ደግሞ ሌዘር ሳይሆን ብዙ ሞገዶችን በአንድነት የያዘ ብርሃን ነው፤ በጠቆረ ቆዳ ላይ የማቃጠል ስጋቱ ከፍ ያለ ነው።

1064 ናኖሜትር የሚጠቀመው 'ኤንዲ ያግ' ሌዘር በሜላኒን የሚመጠጠው በአነስተኛ መጠን በመሆኑ፣ ለጠቆረ ቆዳ ብዙውን ጊዜ ተመራጭ ነው። እርሱም ቢሆን ከስጋት ነፃ አይደለም። ከፍተኛ ጉልበት ስለሚጠይቅ፣ በተለይ በአፍንጫ ክንፎች ላይ ከመጠን ካለፈ ጠባሳ ሊተው ይችላል። ቆዳን እያቀዘቀዙ መሥራትና አስቀድሞ በትንሽ ቦታ ላይ መሞከር ስጋቱን ይቀንሳሉ።

ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ልዩነት ከአንድ በላይ ቀጠሮ ይፈልጋል። የተዘጋው ሥር ባይመለስም፣ አዳዲስ ሥሮች ከጊዜ በኋላ ሊወጡ ይችላሉ።

ሌሎች አማራጮች

ቁጥራቸው አነስተኛ ከሆነ በቀጭን መርፌ በኤሌክትሪክ ሙቀት መዝጋት ይቻላል፤ ነገር ግን ትንንሽ ጠባሳና የቀለም ለውጥ ሊተው ይችላል። ለእግር ሥሮች የተለመደው፣ ሥርን የሚዘጋ መድኃኒት በመርፌ የመስጠት ሕክምና ለፊት እምብዛም አይመከርም፤ የፊት ደም ሥሮች ከዓይንና ከራስ ቅል ውስጥ ሥሮች ጋር ይገናኛሉና።

ለሮዛሺያ የሚታዘዙት ብሪሞኒዲንና ኦክሲሜታዞሊን የተባሉ ቅባቶች ቅላትን ለሰዓታት ይቀንሳሉ እንጂ የሰፉ ሥሮችን አያጠፉም። የፀሐይ መከላከያ ቅባት ደግሞ ያሉትን ባያስወግድም አዲስ እንዳይወጡ ያግዛል።

መዘግየት የሌለበት መቼ ነው?

በደረትና በፊት ላይ የበዙ፣ መካከላቸው ቀይ ነጥብ ያላቸው ሥሮች ከዓይን ቢጫ መሆን ወይም ከሆድ እብጠት ጋር ከታዩ የጉበት ሕመም ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ። በከንፈርና በምላስ ላይ ወጥተው ነስር የሚደጋገም ከሆነ፣ በተለይም በቤተሰብ ውስጥ ተመሳሳይ ችግር ካለ፣ በዘር የሚተላለፍ የደም ሥር ሕመም ሊኖር ይችላል። የጣት ቆዳ መጠንከርና በብርድ ጊዜ የጣት ቀለም መለወጥ ሌላው አሳሳቢ ምልክት ነው። ጥቃቅን ሥሮች የሚታዩበት፣ የሚያብረቀርቅና የሚደማ፣ የማይድን እብጠትም ለቆዳ ካንሰር መመርመር ይኖርበታል።

ከቀጠሮ በፊት

የሚቀቡትን ክሬም ሁሉ ከነማሸጊያው ለሐኪሙ ያሳዩ። የሚወስዱትን መድኃኒት፣ እርግዝና ካለ እርሱን፣ እንዲሁም ቁስል ሲድን የሚያብጥ ጠባሳ የሚተውብዎ ከሆነ ይንገሩ። ሌዘሩ በስንት ናኖሜትር እንደሚሠራ፣ ባለሙያው እንደ እርስዎ ያለ የቆዳ ቀለም ያላቸውን ታካሚዎች አክሞ ያውቅ እንደሆነ፣ የሙከራ ነጥብ ይሠራ እንደሆነና ጠቅላላ ወጪውን ይጠይቁ። የጤና መድን ሰጪዎች ይህን ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ ከውበት አገልግሎት ስለሚቆጥሩት ወጪውን ላይሸፍኑ ይችላሉ።

ለእነዚህ ጥያቄዎች ግልጽ ምላሽ ካላገኙ ሌላ የቆዳ ሐኪም ማማከሩ ይመረጣል።