ኢካን ባካር፦ በፍም ላይ የሚጠበስ የኢንዶኔዥያ ሙሉ ዓሣ

ኢካን ባካር ሙሉ ዓሣ በሎሚና በጨው ታሽቶ፣ በቅመም ተለውሶ፣ በከሰል ፍም ላይ የሚጠበስበት የኢንዶኔዥያና የማሌዥያ ምግብ ነው። ስያሜው በሁለቱም አገሮች ቋንቋ በእሳት የተጠበሰ ዓሣ ማለት ነው። ከ17,000 በላይ ደሴቶች ባሏት ኢንዶኔዥያ ዓሣ በፍም የማይጠበስበት የባሕር ዳርቻ ማግኘት ያስቸግራል፤ ቅመሙና አቀራረቡ ግን ከደሴት ደሴት ይለያያል። በውጭው ዓለም በይበልጥ የታወቀው የጃቫና የባሊው ዓይነት ነው፤ ኬቻፕ ማኒስ የተባለ ጣፋጭና ጥቁር የአኩሪ አተር ስጎ እየተቀባ ይጠበሳል። ስጎው ተዘጋጅቶ በየሱቁ ስለሚሸጥ ማንም ገዝቶ ሊቀባው ይችላል። የጠባሹ ሙያ የሚለየው ስኳሩ እሳት የሚያገኝበትን ሰዓት በመምረጡ ነው።

አኩሪ አተርን አብላልቶ ጨዋማ ስጎ የማውጣት ጥበብ ወደ ጃቫ የገባው ከቻይና ከመጡ ሰፋሪዎች ጋር ነው። የጃቫ ሰዎች በዚያ ላይ የራሳቸውን የዘንባባ ስኳር ጨመሩበት። ይህ ስኳር የሚገኘው ከዘንባባው የአበባ አገዳ የሚንጠባጠበውን ፈሳሽ ቀድቶ፣ እስኪወፍር አንተክትኮ፣ በቀርከሃ ወይም በኮኮናት ቅርፊት ውስጥ በማርጋት ነው። መልኩ ጥቁር ቡናማ ሲሆን፣ ጣዕሙ ውስጥ የጭስና የተቃጠለ ስኳር ለዛ አለ። ለኬቻፕ ማኒስ በተለምዶ የሚመረጠው ጥቁር አኩሪ አተር ተቀቅሎ ሻጋታ ይለብሳል፣ ከዚያ በጨው ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ለወራት ይቆያል። ፈሳሹ ሲጠል ከዘንባባው ስኳር ጋር ተቀቅሎ እንደ ማር ይወፍራል። ከጃካርታ በስተምዕራብ ያለችው ታንገራንግ በዚህ ስጎ የታወቀች ከተማ ናት። በዚያው ከተማ እ.ኤ.አ. በ1882 በተንግ ጊዮክ ሴንግ የተመሠረተው ማምረቻ ከአገሪቱ አንጋፋዎች አንዱ ነው፤ ዛሬ በመላው ኢንዶኔዥያ የሚሸጠው ባንጎ የተባለው ምርትም እ.ኤ.አ. በ1928 በታንገራንግ ተጀመረ።

ከባሕር ዓሦች ቀይ ስናፐር፣ ግሩፐር፣ ፖምፍሬትና ማኬሬል ይዘወተራሉ። ከባሕር ርቆ ባለው የጃቫ ክፍል ደግሞ ጉራሚ፣ ካርፕና ቲላፒያ የተባሉት የኩሬ ዓሦች ቦታውን ይይዛሉ። ዓሣው ቅርፊቱ ተፍቆ፣ ስንጥቡና ሆድ ዕቃው ወጥቶ ይታጠባል፤ ጭንቅላቱና ጅራቱ ግን አይነኩም። አጥንቱና ቆዳው ሥጋውን አቅፈው ስለሚይዙት በቀላሉ አይፈራርስም፣ እርጥበቱም አያመልጥም። ወፍራም ዓሣ ከሆነ ግራና ቀኝ ጎኑ በሰያፍ እስከ አጥንቱ ድረስ ይተለተላል። ይህ ቅመሙን ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ከሁሉም በላይ ወፍራሙ የጀርባ ሥጋ ከስስ ሆዱ ጋር እኩል እንዲበስል ያደርጋል።

ቀጥሎ ሎሚና ጨው ይመጣል። በባሕር ዓሣ ላይ ከጊዜ ጋር የሚጠነክረውን ሽታ የሚያመጣው ትራይሜቲላሚን የተባለ ንጥረ ነገር ነው፤ አሲድ ሲያገኘው ተጣምሮ ይቀራልና ወደ አፍንጫ መትነኑን ያቆማል። የኩሬ ዓሣን ጭቃ ጭቃ የሚያሰኘው ጂኦስሚንም በአሲድ ይፈርሳል። ስለዚህ ሎሚው ከቀረ ዓሣው ላይ የሚመጣውን ጉድለት የትኛውም ስጎ አይሸፍነውም። ከሎሚው በኋላ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ እርድና ድምብላል አብረው ተወቅጠው ይቀባሉ፤ ብዙዎች ሮቃም ይጨምሩበታል።

ለፍሙ የሚመረጠው የኮኮናት ቅርፊት ከሰል ነው። ጠንካራና ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ ከፍተኛ ሙቀት ይሰጣል፣ ረጅም ጊዜ ይቆያል፣ ጭሱም ትንሽ ነው። በባሊ ደቡብ በጂምባራን የባሕር ዳርቻ በተደረደሩት ምግብ ቤቶች ደግሞ የፍሬው የውጭ ገለባ ይነዳል፤ የሚያጥን ጭስ ስለሚሰጥ የዚያ አካባቢ ዓሣ ከሩቅ በመዓዛው ይታወቃል። ነበልባል ዓሣን ያጠቁራል እንጂ አያበስልም፤ ከሰሉ በስስ አመድ እስኪሸፈን መጠበቅ ግድ ነው። ዓሣው ዘይት በተቀባ ባለ ሁለት ክንፍ የሽቦ መያዣ መሐል ይታሰርና በእጀታው ይገላበጣል። የፍሙን ግለት የሚያስተካክለው ከቀርከሃ በተሠራች ማራገቢያ የሚያራግበው ሰው ነው። ሥራው ተራ ቢመስልም፣ ጥሩ ጠባሽ አንድ እጁን ከማራገቢያዋ አያላቅቅም።

አስቸጋሪው ነገር የዓሣ ሥጋና ስኳር የሚፈልጉት ሙቀት የተራራቀ መሆኑ ነው። የዓሣ ሥጋ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ በስሏል፤ ከዚያ ብዙ ካለፈ ይደርቃል። ተራ ስኳር ግን ወደ ካራሜልነት የሚለወጠው 160 ዲግሪ ገደማ ላይ ሲሆን፣ ከዚያ ጥቂት ከፍ ሲል ይመራል፣ ይከስላል። ፍሙ ደግሞ ከሁለቱም በብዙ እጥፍ ይግላል። ኬቻፕ ማኒስ ገና ከመጀመሪያው በወፍራሙ ከተቀባ በደቂቃዎች ውስጥ ውጩ ይከስላል፣ አጥንቱ ሥር ያለው ሥጋ ግን ጥሬ ይሆናል። በየምግብ ቤቱ ጥቁርና መራራ ሆኖ የሚቀርበው ዓሣ አብዛኛውን ጊዜ የዚህ ችኮላ ውጤት ነው።

የሠለጠነ ጠባሽ ዓሣውን በቅመሙና በዘይቱ ብቻ ሁለቱንም ጎን ያበስላል። ሥጋው ነጭ ሆኖ ከአጥንቱ መላቀቅ ሲጀምር ስጎውን ያመጣል። ኬቻፕ ማኒሱ ከዘይት፣ ከተደቆሰ ነጭ ሽንኩርትና ከሎሚ ጭማቂ ጋር ይቀጥናል፤ መቀቢያው ብዙ ጊዜ ጫፉ ተቀጥቅጦ የተበተነ የጠጅ ሣር አገዳ ነው። በስሱ ይቀባል፣ ይገለበጣል፣ ሲደርቅ እንደገና ይቀባል። እያንዳንዱ ስስ ሽፋን ከፍሙ በላይ ለጥቂት ጊዜ ይንቸሰቸስና ባለፈው ላይ ይደረባል። የስጎው ፕሮቲንና ስኳር በሙቀት ሲዋሐዱ የሚፈጠረው ቡናማ ቀለምና መዓዛ ከካራሜሉ ጋር ተደምሮ የሚያብረቀርቀውን ቆዳ ይሰጣል። ስብና ስጎ ፍሙ ላይ ሲንጠባጠብ የሚነሣው ጭስ መጠነኛ ከሆነ ያጣፍጣል፤ ሲበዛ ግን ለጤና የማይበጁ ውህዶችን ይዞ ዓሣው ላይ ያርፋል። ዓሣውን ከፍ ማድረግ ወይም ወደ ጠርዝ መሳብ መፍትሔው ነው፤ የከሰለውንም ቆዳ ገፍፎ መጣል ይሻላል።

ሌሎች ደሴቶች ይህን ያህል ጣፋጭ አይወዱም። በሱላዌሲ ሰሜን፣ በማናዶ፣ ዓሣው ከቃሪያ፣ ከቲማቲም፣ ከሽንኩርትና ከትንንሽ ሎሚ በጥሬው ከሚሠራው ዳቡ ዳቡ ጋር ይቀርባል። በማሉኩ ደሴቶች ኮሎ ኮሎ የተባለው ጎምዛዛ ማጥቀሻ አለ። የማካሳር ሰዎች ዓሣውን በጨውና በሎሚ ጠብሰው ከጥሬ ማንጎ ጋር ይበሉታል፤ ፓራፔ በሚሉት ሌላው ዓይነታቸው ግን በሽንኩርትና በኬቻፕ ማኒስ የተሠራ ወፍራም ስጎ ላዩ ላይ ይፈስበታል። ምዕራብ ሱማትራ የኮኮናት ወተትና እርድ ይመርጣል። በማሌዥያና በሲንጋፖር የሙዝ ቅጠል ላይ ተደርጎ በቃሪያ ድልህ የሚጠበሰው ስቲንግሬይ የተባለ ዓሣ ዝነኛ ነው።

ዓሣው ከነጭ ሩዝ፣ ከጥሬ ጎመንና ኪያር፣ ከበሶብላ መሰል ቅጠልና ከሚያቃጥል የቃሪያ ድልህ ጋር በቀኝ እጅ ይበላል። ድልሁና ሎሚው ጣፋጩን ካልሰበሩት ምግቡ ቶሎ ይሰለቻል፤ ለዚህም ነው ያለ እነሱ የማይቀርበው።

በጃቫ ኩሬዎች ከሚረቡት ዓሦች አንዱ ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም። የናይል ቲላፒያ፣ በእኛው አጠራር ቆሮሶ፣ ከጣና እስከ ሐዋሳና ጫሞ ሐይቆች በተፈጥሮ የሚኖር ዓሣ ነው። ወደ ኢንዶኔዥያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1969 ከታይዋን ሲሆን፣ ዛሬ በአገሪቱ በብዛት ከሚረቡት አንዱ ሆኗል። በሐዋሳ ቆሮሶ ጎኑ ተተልትሎ በዘይት ተጠብሶ ከዳጣ ጋር ይቀርባል፤ ያው ትልትል ለፍምም ይሆናል። ኬቻፕ ማኒስ የሌለው ሰው ጨዋማውን የአኩሪ አተር ስጎ ከእኩል መጠን ቡናማ ስኳር ጋር በለስላሳ እሳት እስኪወፍር ቢያንተከትከው የተቀራረበ ጣዕም ያገኛል። ስጎው ሲቀዘቅዝ ይበልጥ ስለሚወፍር ገና ቀጠን እያለ ማውረድ ያስፈልጋል።