የዓባይ ሸለቆ ተጓዦችና የጻፏቸው መጻሕፍት

ከባሕር ዳር ተነስቶ በመራዊና በወተት ዓባይ በኩል ወደ ዳንግላ የሚያመራ መንገደኛ በደቡብ አቸፈር ወረዳ የምትገኘውን ዱርቤቴን ያልፋል። መንገዱ ከዚያ በእንጅባራ፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም አድርጎ እስከ ደጀን ይዘልቃል። በዚህ መስመር በመኪና ለሚያልፍ ሰው አገሩ ለም ደጋ፣ የእህልና የከብት አገር ነው። ከመንገዱ ወጥቶ ወደ ደቡብ ቀናት በእግር የተጓዘ ግን ደጋው በድንገት ተቋርጦ ዓባይ ጎጃምን በሦስት ወገን ከቦ ከሚፈስበት ገደል አፋፍ ላይ ይደርሳል። ገደሉ በደጀን አካባቢ ብቻ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ጥልቀት አለው።

ስለዚህ ሸለቆና ስለ ወንዙ ምንጭ የተጻፉ የጉዞ መጻሕፍት ጥቂት አይደሉም። ጸሐፊዎቹ ግን በአብዛኛው ወንዙን ያዩት ከአፋፍ ሆነው ወይም በመሻገሪያዎቹ በኩል ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የጎጃም ጥንታዊ መንገዶች ሸለቆውን አቋርጠው ወደ ጉድሩና ወደ ሸዋ ይሻገራሉ፤ ወንዙን ተከትሎ የሚሄድ መንገድ አልነበረም። ገባር ወንዞቹ የየራሳቸው ገደል አላቸው። ቆላው ሞቃትና የወባ አገር በመሆኑ ነጋዴው ሌሊቱን ደጋ አድሮ ቀን ይሻገራል። ክረምት ሲገባ ደግሞ መልካው ይዘጋል። ውኃው በሚፈቅድበት ወቅትም የሚያሻግሩት ጥልቁንና ጥልቅ ያልሆነውን ለይተው የሚያውቁ፣ በተነፋ ስልቻ ሰውና ዕቃ የሚያሳልፉ የአካባቢው ዋናተኞች ነበሩ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከአውሮፓውያን መካከል በሰከላ የሚገኘውን ግሽ ዓባይን አይቶ በጽሑፍ ካስቀሩት ቀዳሚ የሚባለው ስፔናዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ፔድሮ ፓኤዝ ነው። በ1618 ዓፄ ሱስንዮስን ተከትሎ ከምንጩ ደርሷል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በኅዳር 1770 በዚያው ስፍራ ሲቆም የመጀመሪያው አውሮፓዊ እኔ ነኝ ብሎ በማመኑ የፓኤዝን ምስክርነት አልተቀበለም። በ1790 ባሳተመው ባለ አምስት ቅጽ መጽሐፉ የአካባቢው ሰዎች ጫማውን አውልቆ እንዲወርድ እንዳደረጉት፣ ቁልቁል ሲሮጥም ሁለት ጊዜ መውደቁን ይተርካል። አገሬው ለምንጩ የነበረውን አክብሮት ከዚህ መረዳት ይቻላል። የግሽ ዓባይ ትውፊት ደግሞ ሌላ መንገደኛ ያነሳል፤ አቡነ ዘርዐ ብሩክ መጻሕፍታቸውን ለውኃው አደራ ሰጥተው ሳይረጥቡ መልሰው ተቀብለዋል ይባላል።

በብሩስ መጽሐፍ ውስጥ ወልዶ የሚባል መሪ አለ። የዳሞቱ ገዥ ፋሲል የሰጠው ሰው ሲሆን፣ ወደ ምንጩ ሲቃረቡ ታምሜያለሁ ብሎ መንገዱን በማዘግየት የብሩስን የሐር መቀነት እጅ አድርጓል። ብሩስ ይህን የሚተርከው እንደ ማታለል ቆጥሮ ነው። መንገዱን የሚያውቀው ወልዶ ብቻ እንደነበር ለሚያስታውስ አንባቢ ግን መቀነቱ የተጋነነ ዋጋ አይመስልም።

ለዱርቤቴና ለአካባቢዋ የሚቀርበው ጸሐፊ የእንግሊዙ ሻለቃ ሮበርት ቺዝማን ነው። ቺዝማን ከ1925 እስከ 1934 በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የአገሩ ቆንስል ሆኖ መቀመጫውን በዳንግላ አድርጎ ኖሯል። በዳንግላ ቆንስላ መከፈቱ እንዲሁ የሆነ አልነበረም። ብሪታንያ በ1902 ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር በተፈራረመችው ውል የጣናና የዓባይ ውኃ እንዳይገደብ ዋስትና የጠየቀች ሲሆን፣ በሱዳን ለጀዚራ የጥጥ እርሻ የተሠራው የሰናር ግድብም የተጠናቀቀው በዚያው በ1925 ነበር። ይህም ሆኖ ይህን ያህል ስሙ የገነነ ወንዝ ከጣና ወጥቶ ሱዳን እስኪገባ ያለው አካሄድ በወቅቱ ካርታ ላይ በነጠብጣብ መስመር የተሰመረ ግምት ነበር።

ቺዝማን ይህን ክፍተት ለመሙላት ዓመታት ፈጅቷል። በበጋ ወራት በቅሎ አስጭኖ በአፋፉ እየተጓዘ፣ ቁልቁለቱ በሚፈቅድበት ሁሉ እስከ ወንዙ እየወረደና ተመልሶ እየወጣ አካሄዱን በካርታ አሰፈረ። የጣናን ደሴቶችና ገዳማትም ጎብኝቷል። በ1936 በለንደን የታተመው የጣናና የዓባይ መጽሐፉ ጀብዱ የሚያበዛ አይደለም። የመልካዎች፣ የአብያተ ክርስቲያናት፣ የአእዋፍና የገበያዎች መዝገብ ነው። ለፈጣን ንባብ አይመች ይሆናል፤ የአካባቢውን ታሪክ ለሚያጠና ግን ከብሩስ ቅጾች ይልቅ እጅግ ይጠቅማል። ጎጃም በራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ይተዳደር የነበረበትን የመጨረሻ ዘመን ያየ የውጭ ሰው ምስክርነት ነውና።

ወንዙን በውስጡ ለመከተል የሞከሩት ዕድላቸው ሌላ ነበር። በ1903 አሜሪካዊው ባለሀብት ማክሚላን ያስመጣቸው ጀልባዎች ጉዞው እንደተጀመረ ተሰባበሩ። በ1962 በታንኳ የወረደ የስዊስና የፈረንሳይ ዜጎች ቡድን በሽፍቶች ተጠቅቶ ሁለት አባላቱን አጣ። በ1968 በጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተመራው የእንግሊዝ ጦር ቡድን ከቀዳሚዎቹ በተለየ ውኃው የሚሞላበትን ክረምት መርጦ በጀልባ ተጓዘ፤ አብዛኛውን መንገድ ቢያጠናቅቅም አንድ ባልደረባውን ውኃ ወስዶበታል። ከምንጩ ተነስቶ እስከ ሜድትራንያን ባሕር ያለው ከ5 ሺህ 200 ኪሎ ሜትር በላይ ጉዞ የተፈጸመው በ2004 ሲሆን፣ አሜሪካውያኑ ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን 114 ቀናት ወስዶባቸዋል።

እነዚህን መጻሕፍት በእጁ ይዞ ዛሬ ሸለቆውን የሚያይ አንባቢ የሚያገኘው ገጽታ በሁሉም ስፍራ አንድ አይደለም። በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል ቁልቁለቱና አቀበቱ እንዳለ ነው፤ መሻገሪያው ግን ድልድይ ሆኗል። በጉባ የተገነባውና በመስከረም 2025 የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ያጠራቀመው ውኃ ደግሞ በሸለቆው ውስጥ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ኋላ ተኝቷል። ቺዝማን ወደ ሱዳን ጠረፍ ሲቃረብ የመዘገባቸው ቆላማ ዳርቻዎች በከፊል ከዚሁ ሐይቅ ሥር ናቸው።