ባሕር ዳር ከተማ (እግር ኳስ ክለብ)

ባሕር ዳር ከተማ፣ በደጋፊው አጠራር «የጣና ሞገዶቹ»፣ ለምዕራብ ጎጃም ሰው ቅርቡ የፕሪሚየር ሊግ ክለብ ነው። ከጅጋ የሚነሳ ደጋፊ ፍኖተ ሰላምን፣ ቡሬን፣ ኮሶበርን፣ ዳንግላንና መራዊን አልፎ ከሜዳው ይደርሳል።

ክለቡ በ2010 ከከፍተኛ ሊግ አድጎ በ2011 ፕሪሚየር ሊጉን ተቀላቀለ። ሜዳው፣ ባሕር ዳር ስታዲየም፣ ከክለቡ ቀድሞ ስም ያወጣ ነው። ብሔራዊ ቡድኑ ኅዳር 2012 ኮትዲቯርን 2 ለ 1 የረታው እዚሁ ነው። ይሁን እንጂ በ2014 መጀመሪያ ካፍ ደረጃውን አያሟላም ብሎ ከዓለም አቀፍ ጨዋታ አገደው። ሊጉም ከ2013 ጀምሮ በዲኤስቲቪ እየተላለፈ በተመረጡ ከተሞች በዙር መካሄዱ ክለቡን ከደጋፊው አራርቆታል። በእኛ ግምት ይህ ከየትኛውም ሽንፈት በላይ ጎድቶታል፤ በቴሌቪዥን የሚጨበጨብ ጭብጨባ ለተጫዋች አይሰማም።

የክለቡ ትልቁ ዘመን 2015 ነው። በአሰልጣኝ ደግአረገ ይግዛው እየተመራ ቅዱስ ጊዮርጊስን ተከትሎ ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ዋንጫውን ግን አላነሳም። ከክልሉ ያንን ያሳካው በ2013 የጎንደሩ ፋሲል ከነማ ነው። ሁለተኛነቱ የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫን በር ከፈተለት። ነሐሴ 2015 ከታንዛኒያው አዛም ጋር ተገናኘ፦ የመጀመሪያውን 2 ለ 1 አሸነፈ፣ በመልሱ በዚያው ውጤት ተሸነፈ፣ በመለያ ምት 4 ለ 3 አለፈ። በቀጣዩ ዙር የቱኒዚያው ክለብ አፍሪካን ከውድድሩ አስወጣው።