ቤተ ክህነት ሲያሳዝን፦ የቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ስደት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ወጣቶች፣ «እግዚአብሔርን እወዳለሁ፤ በቤተ ክህነት የማየው ነገር ግን ከደጀ ሰላሙ አራቀኝ» የምትሉ አላችሁ። ኀዘናችሁ ከንቱ አይደለም፤ አዲስም አይደለም።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በቍስጥንጥንያ መንበር በተቀመጠ ጊዜ የጵጵስናውን ቤት ወጪ ቀንሶ ለድውያን ማረፊያ አሠራ፤ የካህናትን ቅንጦትና የባለጸጎችን ግፍ ገሠጸ። ስለዚህም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ403 ዓ.ም. ጳጳሳት በጉባኤ ተሰብስበው ሻሩት። አሳዳጆቹ አረማውያን አልነበሩም፤ እንደ እርሱ መስቀል የጨበጡ ነበሩ። ሕዝቡ ስለ ጮኸለት ቢመለስም፣ በንግሥት አውዶክስያ ቍጣ በ404 ዳግመኛ ተሰደደ፤ በ407 በመንገድ ሳለ ዐረፈ።

ብዙ ምእመናን በዚህ ተሰናክለው፣ በእርሱ ፈንታ ከተሾሙት ጋር አንቈርብም ብለው ተለዩ። እርሱ ግን ሲሰናበት ለቅድስት ኦሎምፒያስና ለጓደኞቿ ለቤተ ክርስቲያን ያላቸው ትጋት እንዳይቀዘቅዝ አደራ ብሎ ነበር። ከስደትም ሆኖ እውነቱን በመልእክቶቹ ከመመስከር አልተቈጠበም።

በ438 የንግሥቲቱ ልጅ ንጉሥ ቴዎዶስዮስ ዐፅሙን አስመጥቶ፣ በሣጥኑ ላይ ተደፍቶ ለወላጆቹ ይቅርታን ለመነ። ተለይተው የነበሩትም ተመለሱ። ግንቦት 12 ቀን ይህን የዐፅሙን ፍልሰት እናስባለን።

ልብ በሉ፦ የጉባኤውን ፍርድ ሽራ የተገፋውን ቅዱስ ብላ ያከበረችው ያችው ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ግን ብዙ ዓመታት ፈጀባት። እናንተም ጥፋትን ጥፋት በሉ፤ ከቅዱስ ቍርባኑ ግን አትራቁ። በሰው በደል ምክንያት የአባታችሁን ቤት ለበዳዩ ትታችሁ አትውጡ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።