ቅዱስ ቍርባንና የዓመቱ ሥርዓት በኢትዮጵያ ካቶሊካውያን ዘንድ

በአዲስ አበባ ከተማ በምዕራብ በኩል፣ በኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ የሚገኘው ሰፈር ቤቴል ይባላል። ቤቴል ማለት በዕብራይስጥ ቋንቋ የእግዚአብሔር ቤት ማለት ነው። ያዕቆብ ከወንድሙ ከዔሳው ሸሽቶ ሲሄድ በመንገድ መሸበትና ድንጋይ ተንተርሶ ተኛ፤ በሕልሙም መሰላል አየ፤ በነጋም ጊዜ ያን ድንጋይ ሐውልት አድርጎ አቆመው፤ ዘይትም አፈሰሰበት፤ የቦታውንም ስም ቤቴል ብሎ ጠራው። ቀራንዮ ደግሞ ጌታችን የተሰቀለበት ስፍራ ስም ነው። እንግዲህ የዚህ ሰፈር ነዋሪ ወዴት እንደሚኖር ሲጠየቅ፣ ምንም ባያስበው፣ የእግዚአብሔርን ቤትና የመሥዋዕቱን ቦታ ባንድነት ይጠራል።

ኅብስቱ የክርስቶስ ሥጋ፣ ወይኑም የክርስቶስ ደም መሆኑን በማመን በኩል በኢትዮጵያ በካቶሊካውያንና በኦርቶዶክሳውያን መካከል ልዩነት የለም። ብዙ መከራና ብዙ ደም ያስከተለው ክርክር ግን በሌላ በኩል የመጣ ነው፤ ይኸውም ይህ መሥዋዕት በየትኛው ቋንቋ፣ በየትኛው ቅዳሴ፣ በየትኛው ቀን፣ ከየትኛውስ ጾም በኋላ ይቅረብ የሚለው ነው። ነገሩ ለሩቅ ሰው የትንሽ ነገር ጠብ ይመስለው ይሆናል፤ ለባላገር ግን ትንሽ አይደለም። ባላገር ቀኑን የሚያውቀው በቍጥር ሳይሆን በቅዱሳን ስም ነው፤ ዕዳውን የሚከፍለው ለሚካኤል፣ ማኅበሩን የሚጠጣው ለማርያም፣ ከብቱን የሚያርደው ለፋሲካ ነው። የበዓሉን ቀን የነካ ሰው ኑሮውን በሙሉ ነካበት። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው፤ ስለ ዘመን አቆጣጠር ክርክር በሚናገር ጽሑፍ ይህ ጥቂት የሚያስገርም ቢሆንም የውጭ አገሩን ታሪክ ከአገሩ ጋር ለማስተያየት ይቀላል።)

የግዕዝ ቅዳሴ ከሮማ ጋር የተገናኘው ሚሲዮናውያን ወደ ኢትዮጵያ ከመምጣታቸው በፊት ነው። በሮማ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተጀርባ ቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ለኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች ማረፊያ ሆነ። ዮሐንስ ፖትከን የሚባል የጀርመን ሰው ከነዚህ መነኮሳት ግዕዝ ተምሮ በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በሮማ አሳተመ፤ ይህም በግዕዝ ፊደል የታተመው መጀመሪያው መጽሐፍ ነው። ከዚያ በኋላ የግራኝ አሕመድ ጦር ገዳማትን ባቃጠለበት ዘመን የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን ወደ ሮማ ደርሰው በ1548 የሐዲስ ኪዳንን መጽሐፍ አሳተሙ፤ በዚያውም መጽሐፍ ውስጥ የቅዳሴውን ሥርዓት አገቡበት። በአገር ቤት የብራና መጻሕፍት ሲቃጠሉ የኢትዮጵያ ቅዳሴ በሮማ በማተሚያ ቤት ታትሞ ይወጣ ነበር።

ሮማ ይህን ቅዳሴ በገዛ ከተማዋ ካሳተመች ከሰባ ዓመት ጥቂት አልፎ ከሮማ የተላኩ ሰዎች ቅዳሴውን በኢትዮጵያ ሊያስለውጡ መነሣታቸው እጅግ የሚያሳዝን ነው። አባ ፔድሮ ፓኤዝ በ1603 ወደ ኢትዮጵያ ገቡ፤ ግዕዝና አማርኛ አጥንተው፣ ነገሩን በቀስታና በትዕግሥት ይዘው ንጉሡን ዐፄ ሱስንዮስን አስተማሩ፤ ንጉሡም በ1622 የካቶሊክን ሃይማኖት በግልጥ ተቀበሉ። ፓኤዝ በዚያው ዓመት ሞቱ። በ1625 የደረሱት ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን የቀስታን መንገድ አልወደዱም። በ1626 ንጉሡና መኳንንቱ ለሮማ ታዛዥነታቸውን በመሐላ ከገለጡ በኋላ ቀሳውስቱ እንደ ገና እንዲካኑ፣ ሕዝቡ እንደ ገና እንዲጠመቅ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደ ገና እንዲባረኩ፣ የቅዳሜ ሰንበት እንዲሻር፣ በዓላቱና ጾሙም በሮማ አቆጣጠር እንዲሆን ታዘዘ። የጎርጎርዮስ አቆጣጠር በራሱ በኤውሮጳም ከወጣ ገና ግማሽ መቶ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር፤ ብዙዎቹ የፕሮቴስታንት አገሮችም አልተቀበሉትም ነበር። ለላስታና ለበጌምድር ገበሬ ግን የልደቱ ቀን ዐሥር ቀን ወደ ፊት እንዲመጣ ተነገረው።

ዐመፁ በየአውራጃው ተነሣ። ነገሩ እየከፋ በሄደ ጊዜ ንጉሡ ከፓትርያርኩ ጋር ተመካክረው የቀድሞው ቅዳሴ ታርሞ እንዲቀደስበት፣ በዓላቱም በቀድሞው አቆጣጠር እንዲከበሩ ፈቀዱ፤ ነገር ግን ፋሲካና ከፋሲካ ጋር የሚሄዱት በዓላት ከዚህ ፈቃድ ውጭ ሆኑ። ፋሲካን ያስቀረ ፈቃድ ምን ፈቃድ ነው? ሕዝቡ ዐምሳ አምስት ቀን ጾሞ የሚጠብቃት አንዲት ሌሊት ናት። ንጉሡ በ1632 ብዙ ሺህ ሰው ካለቀበት ጦርነት በኋላ የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ ዐዋጅ አስነገሩ፤ መንግሥቱንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ በዚያውም ዓመት ሞቱ። ኢየሱሳውያኑ ከአገር ተባረሩ፤ ከዚያም በኋላ ሁለት መቶ ዓመት ያህል የካቶሊክ ስም በኢትዮጵያ የሚያስፈራ ስም ሆኖ ኖረ።

ይህን ስሕተት በሚገባ የተረዳው ሰው የመጣው በ1839 ነው። ቅዱስ ዮስጢኖስ ዘያዕቆብ፣ የአገሩ ሰው አቡነ ያዕቆብ የሚላቸው፣ በ1800 በኢጣልያ አገር ሳን ፌሌ በምትባል መንደር ተወለዱ፤ ላዛሪስት ከሚባሉት ከቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል ማኅበር ነበሩ። ምጥዋ ላይ ከመርከብ ወርደው ወደ ዐድዋ ወጡ። የአገሩን ልብስ ለበሱ፤ የአገሩን እንጀራ በሉ፤ ቋንቋውን ተማሩ፤ ከሁሉም የሚበልጠው ደግሞ የግዕዙን ሥርዓት መቀበላቸው ነው። ከሊቃውንቱ እግር ሥር ተቀምጠው ቅዳሴውንና ጾሙን እንደ ተማሪ ተማሩ። በዐዲግራት አጠገብ በጓላ ላቋቋሙት ትምህርት ቤት ልጆች ያስተማሩት የላቲን ዜማ ሳይሆን የአባቶቻቸውን ቅዳሴ ነው። ሜንዴዝ ሊያጠፋው የፈለገውን እርሳቸው ጠበቁት፤ ሜንዴዝ ያጣውንም ሕዝብ ጥቂት በጥቂት አገኙት፤ አሊቴናና ሐላይ ለዚህ ምስክሮች ናቸው።

ከተከተሏቸው ሁሉ የሚበልጡት ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ናቸው። የጎጃም ሰው፣ የመርጡለ ማርያም መነኩሴ፣ መጻሕፍትን በየገዳሙ እየዞሩ የመረመሩ ሊቅ ነበሩ። በ1841 ደጃዝማች ውቤ ጳጳስ ለማስመጣት ወደ ግብፅ መልእክተኞች ሲልኩ አቡነ ያዕቆብና አባ ገብረ ሚካኤል በአንድ ጕዞ ተገናኙ፤ ከመልእክተኞቹ አንዳንዶቹ እስከ ሮማ ድረስ ሄደው ከር. ሊ. ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛ ፊት ቀረቡ። አባ ገብረ ሚካኤል በ1844 የካቶሊክን ሃይማኖት ተቀበሉ፤ ስድሳ ዓመት ያህል ሲሆናቸውም በ1851 ቅስና ተቀበሉ። ክህነታቸው ከአራት ዓመት ጥቂት ብቻ አለፈ። በ1854 ጎንደር ላይ ታሰሩ፤ በሰንሰለት ታስረው ከጦር ሠራዊት ጋር ከሰፈር ወደ ሰፈር ሲጎተቱ ቆይተው ነሐሴ ወር 1855 ላይ በመንገድ ሞቱ። በ1926 ብፁዕ ተብለው ተሰየሙ። አቡነ ያዕቆብ ደግሞ በ1849 ምጥዋ ላይ በሌሊት በስውር ከአባ ማስያስ እጅ ጵጵስና ተቀብለው ነበር፤ በ1860 ሐምሌ ወር በዓሊጋዴ ሸለቆ በጕዞ ላይ ሳሉ ዐረፉ፤ በሔቦም ተቀበሩ። በ1975 ቅዱስ ተባሉ።

አባ ማስያስ በኦሮሞ ምድር የላቲኑን ሥርዓት ስላስገቡ በኢትዮጵያ የካቶሊክ ቅዳሴ በሁለት ሥርዓት ሆነ፤ በደቡብና በምዕራብ የሚበዛው የላቲኑ ነው። ሆኖም በአገሪቱ ያሉት ካቶሊካውያን ሁሉ ልደትን ታኅሣሥ 29 ቀን፣ ጥምቀትን ጥር 11 ቀን፣ ፋሲካንም ከኦርቶዶክሳውያን ወንድሞቻቸው ጋር በአንድ ቀን ያከብራሉ። በ1632 ደም ያፈሰሰው ነገር ዛሬ ማንም የማይነጋገርበት የታወቀ ልማድ ሆኗል። በ2007 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ካቶሊካውያን ከመቶ 0.7 ነበሩ፤ ከሕዝቡ እንዲህ ያነሱ ምእመናን በፋሲካ ሌሊት ጎረቤታቸው ሲያርድ እነርሱ ገና ቢጾሙ፣ ወይም እነርሱ ሲፈቱ ጎረቤታቸው ቢጾም፣ በገዛ አገራቸው እንግዳ ይሆኑ ነበር።

ቀኑ በዚህ መልክ ቢስተካከልም ስለ ቍርባኑ አቀባበል ያለው ነገር እንዲህ አልቀለለም። በአገሩ ልማድ ብዙውን ጊዜ ሥጋውና ደሙን የሚቀበሉት ሕፃናትና ሽማግሎች ናቸው፤ ጎልማሳው ኃጢአቱን እየፈራ በሩቅ ቆሞ ያስቀድሳል። ይህ ፍርሃት ከክብር የመጣ ነውና ሊናቅ አይገባም፤ ነገር ግን ሰውን ዕድሜውን ሙሉ ከማዕዱ ያርቀዋል። ር. ሊ. ጳጳሳት ፒዮስ 10ኛ በ1905 ምእመናን በየጊዜው፣ ቢቻልም በየቀኑ፣ እንዲቆርቡ አዘዙ፤ በ1910ም ልጆች ማስተዋል በጀመሩበት ዕድሜ እንዲቀበሉ ፈቀዱ። ከመቍረብ በፊት ያለው ጾም ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ የነበረው በ1957 ሦስት ሰዓት፣ በ1964ም አንድ ሰዓት ሆነ። በዚህ ሕግ ያደገ የካቶሊክ ልጅ፣ ከዋዜማው ጀምሮ ምንም ሳይቀምስ የሚያስቀድሰውን የኦርቶዶክስ ጎረቤቱን ሲያይ ጥቂት ማፈሩ አይቀርም፤ ማፈሩም አይከፋም።

ቅዱስ ቍርባንን በመንበሩ ላይ አኑሮ መስገድም እንዲሁ ከምዕራብ የመጣ ነው። በአገሩ ሥርዓት የተቀደሰው በዚያው ቀን ይፈጸማል እንጂ አይቀመጥም። በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ግን ለበሽተኞች ሲባል ይቀመጥ ነበር፤ ከዚያም ስግደቱ እያደገ ሄዶ በ1264 ር. ሊ. ጳጳሳት ኡርባኖስ 4ኛ የሥጋው የደሙን በዓል ሠሩ። ይህ በዓል የሚውለው ከፋሲካ 60 ቀን በኋላ ነው። በኢትዮጵያ ይህ ቀን የሚገኘው የሐዋርያት ጾም ከተጀመረ በኋላ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜም ክረምቱ ሲገባ ነው፤ በምዕራብ አገር አበባ እየተበተነለት በጸሐይ የሚዞረው በዓል በአዲስ አበባ በጾም ውስጥና በዝናብ ሥር ይከበራል። አንዳንዶች ይህን አይተው በዓሉ ለዚህ አገር አልተሠራም ይላሉ። ጫማውን አውልቆ በቤተ መቅደስ ደጅ የሚሰግድ ሕዝብ ግን ስግደትን ከማንም አልተማረም፤ ከውጭ የመጣለት ጊዜው እንጂ ስግደቱ አይደለም። የሚያሰጋው ስግደቱ ከቅዳሴው ተለይቶ ለብቻው የቆመ እንደ ሆነ፣ የማታውን ጸሎት የሚወድ ሰው የጧቱን ቅዳሴ የተወ እንደ ሆነ ነው።

የምሥራቅ ሥርዓት ያላቸው ካቶሊካውያን የአባቶቻቸውን ሥርዓት እንዲጠብቁ፣ የጠፋባቸውንም እንዲመልሱ ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1964 በግልጥ ወሰነ። ለዚህ የሚያስፈልገው መጽሐፍ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ር. ሊ. ጳጳሳት ቤኔዲክቶስ 15ኛ በ1919 የኢትዮጵያን ኮሌጅ በሮማ አቋቁመው ነበርና፣ የግዕዙ መጽሐፈ ቅዳሴ በ1945 በቫቲካን ማተሚያ ቤት ታተመ። በ1961ም አዲስ አበባ የሜትሮፖሊታን መንበር ሆነች፤ መጀመሪያው ሊቀ ጳጳሳትዋ አቡነ አሥራተ ማርያም የምሩ ነበሩ። በዚሁ ጉባኤ መጀመሪያ ወራት፣ በ1962፣ በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከዓለም ሁሉ በተሰበሰቡት ጳጳሳት ፊት የግዕዝ ቅዳሴ ተቀደሰ፤ የኢትዮጵያ ከበሮም ተመታ። አባ ተስፋ ጽዮን የኖሩበት የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት ከዚያ ጥቂት እርምጃ ብቻ ይርቃል፤ ቅዳሴውን ካሳተሙም ጊዜ ጀምሮ 414 ዓመት ሆኖ ነበር።