ሕመም የማይሰማው እጅ

በሰቆጣና በዋግ ደጋ ብርዱ ሲበረታ ሰው እሳት ከቦ ይቀመጣል። ፍም እጁን ቢነካው ወሬው በነርቭ በኩል ወደ ኅብለ ሰረሰር ይሮጣል፤ አንጎል ነገሩን ገና ሳይረዳው እጁ ይሸሻል። የሥጋ ደዌ ነርቩን የገደለበት ሰው ግን ሥጋው ሲቃጠል አይሰማውም። የቀድሞ ሰዎች ደዌው ጣት ይበላል እያሉ በሽተኛውን ከመንደር ያርቁት ነበር፤ ስንቱ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲለምን ዕድሜውን ጨረሰ! ኖርዌያዊው ሐኪም ሐንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 የበሽታውን ጀርም አገኘ። ጣትን የሚያሳጣው በአብዛኛው ሳይታወቅ የቀረ ቁስልና ቃጠሎ መሆኑን ግን ቆይቶ በሕንድ አገር የሠራው ሐኪም ፖል ብራንድ አስረዳ። እ.ኤ.አ. በ1965 በአዲስ አበባ የተቋቋመው አለርትም ይህን ሕክምና ለአፍሪካ ሐኪሞች አስተማረ። እኔ ከሁሉ የማደንቀው ትንሹን ምክር ነው፤ በሽተኛው ማታ ማታ እግሩን በዓይኑ እንዲመረምር፣ ትኩስ ድስትም በጨርቅ እንዲይዝ ይነገረዋል።